ፌሩዙ አረንጓዴ የሆነ ሰሞን

ረጋሳ አምቦ በሚገኘው የእርሻ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ከተቀጠረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በነዚህ ዓመታት ውስጥ፣ በራሱ ግምት፣ ሰባት ጊዜ ከሞት ተርፏል። አንድ ጊዜ ከልብ፣ ሁለት ጊዜ ከጉበት፣ የቀረው ደግሞ ጤና ጣቢያው ስም ካላወጣለት በሽታ። ካሳለ ሳንባው ነው፤ ካላሳለ ደግሞ ሳሉ ወደ ውስጥ ገብቶበታል። ድሬሰሩ ሌንጮ ገና ከበር ሲያየው፣ «ኦቦ ረጋሳ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ነው?» ይለዋል።

በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ገበያው አጠገብ ሠላሳ ዓመት የነገደው ዓረቡ ሳልህ ሱቁን ዘግቶ አገሩ የመን ሊገባ የቀረ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ረጋሳ ጃንጥላ ሊገዛ ገባ። ጃንጥላው አልቆ፣ መስታወቱ ውስጥ አንድ የብር ሐብል ብቻ ተኝቷል፤ ዘጠኝ ድንጋዮች ተሰክተውበታል።

«ይኼ ሰማያዊ ነው አረንጓዴ?»

«ሰማያዊ፤ ፌሩዝ የሚሉት ድንጋይ ነው» አለ ሳልህ። «ከፋርስ ተራራ የሚወጣ ነው። አባቴ ኤደን ወደብ ላይ ሲሸጠው ነው ያደግኩት። በኛ አገር ሙሽራ ታደርገዋለች፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል። ደግሞ ሰው ሊታመም ሲል ድንጋዩ ቀድሞ ያውቃል ይባላል፤ ቀለሙን ይለውጣል።»

የረጋሳ ጆሮ ቆመ። «ቀድሞ? ከድሬሰሩ በፊት?»

«ከዶክተሩም በፊት።»

«እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ፕላስቲክ ከሆነ የጋለ መርፌ ያቀልጠዋል አሉ። መርፌ አለህ?»

«ሚስትህንም በጋለ መርፌ ወግተህ ነው ያገባሃት?» አለ ሳልህ። ቢሆንም ሰውየው ጨዋ ነበርና ጋዝ ምድጃውን ለኩሶ መርፌውን አጋለለት። ድንጋዩ አልቀለጠም፤ አልሸተተምም። ረጋሳ ለሱፍ ልብስ ያስቀመጠውን ገንዘብ ሳያቅማማ ከፈለ።

ሐብል ማድረግ ለወንድ ነውር ነው። ግን ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው ብለው ቄሱ በሠርጉ ዕለት ተናግረዋል፤ እንዲህ ከሆነ በድንቅቱ አንገት ላይ ያለ ድንጋይ የሱንም ሕመም ማወቁ አይቀርም። ረጋሳ ይህን ሲያሰላ ነው የዋለው።

ሚስቱ ድንቅቱ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ ናት። ባሏ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ከሳሙና ሌላ ገዝቶላት አያውቅም፤ ሐብሉን ሲያጠልቅላት ሮጣ መስታወት ፊት ቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረጋሳ ጠዋት ጠዋት ወደ መስኮቱ ይወስዳትና አገጯን በጣቱ ቀና አድርጎ አንገቷን ትክ ብሎ ያያል። ከዚያ እፎይ ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንቅቱ አንገቷ እንዲታይ የሻሽ አስተሳሰሯን ቀየረች። ጎረቤቶች፣ «ባል ማለት እንዲህ ነው፣ አንገቷን ሳያይ ከቤት አይወጣም» እያሉ የራሳቸውን ባሎች ወቀሱ።

በሚያዝያ የድንቅቱ እህት ወንጪ ላይ ልጇን ዳረች። ድንቅቱ ሁለት ሳምንት ሰንብታ ተመለሰች። ረጋሳ ወደ መስኮቱ ወሰዳትና አገጯን ቀና አደረገ። ዘጠኙም ድንጋዮች እንደ ሣር አረንጓዴ ሆነዋል።

«ያ ዋቃዮ! ድንቄ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምንም አያምሽም?»

«ኧረ ምንም።»

እንግዲያው እኔ ነኝ፣ አለ በልቡ።

ሌንጮ ደረቱን አዳምጦ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ «ከኔ ይሻላሉ» አለው። ረጋሳ ግን ድንጋዩ ከድሬሰሩ እንደሚቀድም ያውቃል። ስለዚህ ነፍሱን ሊያዘጋጅ ተነሣ። መጀመሪያ ጎረቤቱ ሆርዶፋ ዘንድ ሄደ። «የአጥሩን እንጨት አንድ ክንድ ወደ አንተ የገፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አለው። ሆርዶፋ አቅፎት አለቀሰ፣ ከልቡም ይቅር አለው። በማግስቱ አጥሩን ነቅሎ ሁለት ክንድ ወደ ረጋሳ ግቢ አስገባው።

ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ውይይት ክበብ ሊቀ መንበር ጓድ ሌታ ፊት ቀረበ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ረቡዕ ረቡዕ ወገቤን የሚያመኝ ውይይት ስላለ ነው እንጂ ወገቤ ደህና ነው።»

ሌታ ከወንበሩ ተነሣ። «ጓድ ረጋሳ! ይህ እኮ ግለ ሂስ ነው! ሳይጠየቅ ግለ ሂስ ያደረገ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም!» ረቡዕ ዕለት በሠራተኛው ሁሉ ፊት ደግሞ እንዲናገረው አደረገ፤ በጭብጨባም የክበቡ ጸሐፊ አድርጎ ሾመው።

ረጋሳ ከዚያ እቤቱ ገብቶ ሞቱን ሊጠብቅ ተኛ። «የቤቱ ወረቀት ሣጥኑ ሥር ነው» አላት ለድንቅቱ። «ልጃችንን ቶላን ትምህርቱን እንዳታስጥዪው።»

«አባ ቶላ፣ ምን ሆነሃል? ተናገር!»

ተናገረ። ዓረቡንም፣ መርፌውንም፣ አንድ አካልንም አልደበቀም። ድንቅቱ እጇን ሐብሉ ላይ አደረገች።

«ስድስት ወር ሙሉ ታየው የነበረው ድንጋዩን ነው?»

«አንቺንም... እግረ መንገዴን...»

በነጋታው ድንቅቱ ከአልጋ አስነሥታ አውቶቡስ ላይ ጫነችው። አዲስ ዓለም ላይ ወሰኑ የሚባሉ ሽማግሌ ብር ሠሪ ታውቃለች፤ የእናቷን አምባር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ሐብሉን ተቀብለው በጣታቸው አሹት፣ ጣታቸውን አሸተቱና ሳቁ።

«ቅቤ ነው። ራስሽን ተቀብተሻል?»

«ሠርግ አልነበር እንዴ? በየቀኑ ነዋ! ፀሐዩ እያቀለጠ በአንገቴ ሲወርድ ነው የሰነበተው።»

«ፌሩዝ ቅባት ይጠጣል፣ ሲጠጣም አረንጓዴ ይሆናል። ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ አይጠጣም ነበር።» ወደ ረጋሳ ዞሩ። «ዓረቡ አላታለለህም ልጄ፤ ድንጋዩ እውነተኛ ነው። የሚያውቀው ግን ቅቤ ብቻ ነው።»

ሊያጸዱላት ቢጠይቋት ድንቅቱ እንቢ አለች፤ አረንጓዴው ይበልጥ ደስ ብሏታል።

ሲመለሱ ድንቅቱ ጊንጪ እስኪደርሱ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ነበር። አውቶቡሱ ሲቆም ረጋሳ ወርዶ ቆሎ ገዛላት። ተቀበለችው፤ ቆረጠመች።

«ለሆርዶፋ ተናዘዝክ፣ ለሌታ ተናዘዝክ» አለች በመጨረሻ። «ለኔ የሚነገር ምንም አልነበረህም?»

ረጋሳ ብዙ አሰበ። «ስንጋባ ሠላሳ ዓመቴ ነው ያልኩሽ... ሠላሳ ስድስት ነበርኩ።»

«እናትህ የሠርጋችን ሳምንት ነግረውኛል።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ» አለችና፣ የቀረውን ቆሎ መዳፉ ላይ ገለበጠችለት።