የአፍየ አንሶላና የምሥራቁ ነፋስ

ኒውዲፕ ወደብ ላይ የባሕር ኃይል መኮንኖችን ልብስ የምታጥበው አፍየ ዕድሜዋን ሙሉ ከነፋስ ጋር ስትጣላ የኖረች ሴት ናት። ከምዕራብ ሲነፍስ ዝናብ አዝሎ ይመጣና ያጠበችው አይደርቅም። ከምሥራቅ ሲነፍስ ደግሞ ልብሱ ይደርቅና መርከቦቹ ባለቤቶቹን ይዘው ውልቅ ይላሉ። «እኔን ለማናደድ የተፈጠረ ነው» ትላለች።

በዚያ መከር ባሰባት። አንድያ ልጇ ሲብራንት አናጢ ሆኖ የተቀጠረበት የጦር መርከብ ከዓለም ማዶ ወዳለችው ጃቫ ሊሄድ ተሰናድቶ፣ የምዕራቡ ነፋስ አላስወጣ አለው። ጃቫ ደርሶ መመለስ ዓመታት ይፈጃል፤ አባቱም ሄዶ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ አፍየ ልጇን በወጉ ልትሸኝ ቆርጣለች። ወጉ መርከቡ ሲያልፍ ባሕሩን ከገደበው ካብ አናት ላይ ቆሞ ነጭ አንሶላ ማውለብለብ ነው፤ ተጓዡ የቤቱን አንሶላ አይቶ ይሄዳል።

መርከቡ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ ዕለት አልቅሳ፣ አውለብልባ ተመለሰች። የአተር ሾርባዋን ሳትጨርስ ልጇ በሩን ከፍቶ ገባ።

«እማዬ፣ ሾርባ ተርፏል?»

«ተሰናብተኸኝ አልነበረም እንዴ?»

«ነፋሱ ዞረብን። መልሕቅ ጥለናል፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«እንባዬን መልስልኛ።»

በሌላ ሳምንትም እንዲሁ ሆነ፤ ደግሞም ተደገመ። የጎረቤቷ የኔል ባል መርከቦችን እየመራ ከወደቡ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ኔል ደግሞ ቀልድ አታሳልፍም።

«አፍየ፣ ልጅሽ ጃቫ ደረሰ?»

«ደርሶ ሾርባ እየበላ ነው» አለች አፍየ።

በመጨረሻ ሲብራንት ሁለት ሸሚዝ ይዞ መጣ።

«እጠቢልኝ፤ ነገ እወስዳቸዋለሁ።»

«ብትሄድስ?»

«የት አባቴ እሄዳለሁ? ካፒቴናችን ይሄን ወደብ አግብቷል።»

«እንግዲያው እኔም ስንብት በቃኝ። ጃቫ ስትደርስ ደብዳቤ ላክልኝ፤ ያኔ አለቅሳለሁ።»

እየሳቀ ግንባሯን ስሞ ወጣ። እሷ ከገንዳው ቀና እንኳን አላለችም።

በማግስቱ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሣ። አፍየ ደስታዋን አልቻለችውም። የሰነበተውን እርጥብ ልብስ ሁሉ ከካቡ ጀርባ ገመድ ላይ ታሰጣው ጀመር። በዚህ መሐል ኔል እያለከለከች መጣች።

«ልጅሽ እየሄደ ነው።»

«ይሂድ፤ ለእራት ይመጣል።»

«አይመጣም። ባሌ ዛሬ የቁርጥ ቀን ነው ብሏል። አንቺ ሴትዮ፣ ነፋሱ ከየት እንደሆነ አላየሽም?»

አፍየ ገመዱን አየች። ልብሱ ሁሉ ወደ ምዕራብ ተወጥሮ ይራገባል። ከወደቡ ሰው ሁሉ ይህን ነፋስ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ግን ዛሬ ለልብሷ ብቻ የመጣ መስሏት ነበር።

ከገንዳው አውጥታ የያዘችውን አንሶላ ሳትጥል ካቡን ወጣች። መርከቡ ከወደቡ ፊት ያለውን ደሴት አልፎ ሸራው ብቻ ይታያል። አንሶላውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው። ውኃ ስለጠገበ አልተነሣም፤ ክንዷን እየጎተተ እግሯ ላይ ተንጠለጠለ።

«ምነው ደረቁን ባነሣሽ» አለች ኔል።

«ዝም በይ።»

ሸራው እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ ወርዳ ገመዱ ላይ የተሰጡትን የልጇን ሸሚዞች ዳሰሰች። ደርቀዋል።