በሳምንት ሠላሳ አንድ ሰዓት

የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሰፈሩ «ሽው» ይላታል። አንድ ቦታ ተረጋግታ ስትቀመጥ ያያት የለም። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከሆነች ወዲህማ እግሯ መሬት አይነካም። የምትመኘው ዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጠው ውጤት ብቻ አይቶ አይደለም፤ ከክፍል ውጭ ምን እንደምትሠራም ይጠይቃል። ማመልከቻው ላይ ለዚህ ሰባት መስመር ተትቷል። እሷ ደግሞ ባዶ መስመር ስታይ ልቧ ይንጠለጠላል።

ስለዚህ ከቆየችበት ከክርክር ክበብ ሌላ ስድስት ጨመረች፦ ቼዝ፣ ቲያትር፣ ሙዚቃ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ የመጀመሪያ እርዳታ። ቼዝ ላይ ፈረሷን አንቀሳቅሳ ተራዋ እስኪደርስ ውጭ ችግኝ አጠጥታ ትመለሳለች። ቲያትር ላይ የደረሳት ሚና ሬሳ ነበር፤ በሁለተኛው ልምምድ ሬሳዋ ብድግ ብላ ወደ ሒሳብ ሄደች።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደመጣች የሞላችውን ከነሳምንታዊ ሰዓቱ ለእናቷ አነበበችላት።

እናትየው እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አነሣች። «ቆይ፣ ቆይ። ሰዓቱ ሲደመር ስንት መጣ?»

«በሳምንት ሠላሳ አንድ።»

«በዘጠኝ ተኩል ትወጫለሽ፤ በአሥራ ሁለት እዚህ ነሽ። አምስት ቀን። እሱስ ስንት ነው?»

ሽው በጣቷ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ተኩል ነው።

«በሦስት ሜትር ጨርቅ ሰባት ቀሚስ አወጣሁ ብል ደንበኛ ይስቅብኛል።»

«እማ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው።»

«የሁሉን ልብስ እኔ አልሰፋም።»

በማግሥቱ ወደ ክበባቱ ኃላፊ ሄደች። ያለ እሳቸው ፊርማ ቅጹ አይላክም። መምህሩ የስም መቆጣጠሪያ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

«ቼዝ አራት ቀን። ቲያትር ሁለት። ሒሳብ ላይ ስምሽ አለ፣ አንቺ የለሽም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።» የክርክሩን ገልጠው ቀና አሉ። «እዚህስ ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን አልቀረሽም። ምንድን ነው የምትሠሪው?»

አፈረች። «ምንም፣ ቲቸር። ተከራክሬ አላውቅም። ሰዓት ነው የምይዘው። የተከራካሪዎቹ ሦስት ደቂቃ ሲያልቅ ደወል እደውላለሁ።»

«አንቺ? ተቀምጠሽ?»

«ቆሜ።»

መምህሩ ሳቁ። «ይኼን እፈርማለሁ። ሌላውን አውጪና በአዲስ ቅጽ አምጪ።»

ኮሪደሩ ላይ አዲሱን ቅጽ መስኮት ደፍ ላይ ዘርግታ መሙላት ጀመረች። የክፍል ጓደኛዋ በትከሻዋ አሾልካ አየች።

«ሰዓት ያዥ? ምነው ዘበኛ አትይም? ሊቀመንበር ብለሽ ጻፊ፣ እሳቸው እንደሆኑ ሳያነቡ ነው የሚፈርሙት።»

ሽው ብዕሯን አንሥታ ቆየች። ዕድሉን ካላገኘች እናቷ ለሌላ ዩኒቨርሲቲ የመክፈል አቅም እንደሌላት ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ «ሰዓት ያዥ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት» ብላ ጻፈች። መምህሩ ግን ከላይ እስከ ታች አንብበው ፈረሙ።

ዓርብ ቅጹን የተቀበላት የትምህርት ቤቱ ቢሮ ጸሐፊ ገጹን አገላበጠ።

«ስድስት መስመር ባዶ ነው። ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለሽ፣ እህቴ።»

«አይ፣ ይላኩልኝ።»

ከበሩ ሁለት ጊዜ ተመለሰች፤ አንዴ ቅጹ መሄዱን ለመጠየቅ፣ አንዴ ደግሞ ሊመለስ ይችል እንደሆነ። ውጤቱ ከሦስት ወር በፊት እንደማይነገር ጸሐፊው በደንብ አስረዳት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮውን ሊከፍት ሲመጣ ውጤቱን ልትጠይቅ በሩ ላይ ቆማ አገኛት።