ወባን ፈርቼ የዘጋሁት ቤት

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ ጎባ ላይ ውርጩ የጓሮውን ጎመን አቃጥሎ የጨረሰበት ሰሞን። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ምክንያቱም ልጄን ልገድላት የነበረው ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው እናቷ ነኝ፤ ያውም እየሳሳሁላት።

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። ቤቴ ጎባ ነው፤ ሮቤ ገበያ ቅቤ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ገሰራ ላይ የአባቱን መሬት ያርሳል። ከዚች ልጄ ከፎዚያ በፊት የወለድኩት ልጅ በሁለት ዓመቱ ደረቱን ታሞ ሞቶብኛል። ሰው ሁሉ ብርድ ነው የገደለው አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ንፋስ ሲነፍስ ጠላት የመጣብኝ ይመስለኛል።

ፎዚያ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷ ያፏጫል። ሐኪም አስም ነው ብሎ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ፓፍ የሚሉትን፣ አዘዘላት። እኔ ደግሞ የራሴን ጨመርኩበት። የምትተኛበትን ክፍል መስኮት በምስማር መታሁት፤ ስንጥቁን በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥዬ አስገባላት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ለልጁ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ያን ዓመት ባሰባት። ዶክተሩ የሚለውን ሁሉ ከተናገረ በኋላ፣ ብርዱ እስኪያልፍ ሁለት ወር ያህል ሞቃት አገር ብትቆይ መልካም ነው አለኝ። እኔም ከተናገረው ሁሉ ይችን ብቻ ይዤ ወጣሁ። በሃረና ጫካ በኩል ወርዳችሁ ቆላው መና ቆዩ ያለኝ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ሐኪም ቤት ቅርብ የሆነበት ከተማ ፈለግሁ። በመጨረሻ እህል ወደ ሐዋሳ የሚያመላልስ ጎረቤታችን፣ እዚያ ሐይቁ ዳር ለሚዝናና እንግዳ በወር የሚከራይ፣ አልጋው ምጣዱ የተሟላ ቤት አለ ብሎ የአንድ ደላላ ስልክ ሰጠን።

ደላላው በባለቤቴ ስልክ ፎቶ ላከ። ባለቤቴ ከዚህ ውስጥ ምረጪ አለኝ። ላም በፎቶ ገዝተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ሳቀ። እሱ ስንዴው ደርሶበት የኮምባይነር ወረፋ ይጠብቃል፤ ሊሄድልኝ አይችልም። ከሻሸመኔ ወዲያ ሄጄ የማላውቀው ሴትዮ፣ ልጄን ይዤ ራሴ አይቼ እመርጣለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ከሮቤ በሚኒባስ ወጣን። ዶዶላ ስንደርስ ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ መስኮት ከፈተ። ዝጋ አልኩት። ሞቀኝ አለ። ልጄ ደረቷን ያማታል ስለው መኪናው ሙሉ ሰው ተነሣበት፤ እየተነጫነጨ ዘጋው። እኔም ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ እስከ ሻሸመኔ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሐዋሳ የተቀበለን ደላላ ጥቁር መነጽር ያደረገ ወፍራም ሰው ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "ማዘር፣ እኔ የባሌ ሰው ነፍሴ ነው" አለኝ። ለሁሉም አገር ሰው እንዲህ እንደሚል ገባኝ። ሦስት ቤት አሳየን።

የመጀመሪያው ከውሃው አጠገብ፣ ምድር ላይ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ ሳይ ከሐይቁ ውስጥ ጥቁር ጀርባ ብቅ ብሎ ጠለቀ። ጉማሬ ነው፣ ሰው አይነካም አለ ደላላው። ፎዚያ ደስ ብሏት ልታይ ስትጠጋ እጇን ይዤ እስከ መንገዱ ጎተትኳት።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሰፊ በረንዳ አለው፤ የሐይቁ ንፋስ መጋረጃውን ያንሳፍፈዋል። ደላላው እጁን ዘርግቶ፣ "ማዘር፣ ቪው ማለት ይሄ ነው! ሰው ከአዲስ አበባ ለዚህ ይመጣል" አለ።

"ውሃ አይቼ ምን ላደርግ ነው? ንፋሱ ልጄን ይመታብኛል" አልኩት።

ሦስተኛው እዚያው ፎቅ ላይ በጀርባ በኩል ያለ ክፍል ነው። ያለችው መስኮት አንዲት ናት፤ እሷም ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ታያለች። ንፋስ የሚባል የለም። የከሰዓት ፀሐይ መትቶት ገና ስገባ ጀርባዬን ሞቅ አለኝ። የጎባ ሰው ቤት ሲከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፀሐይ ያገኘዋል ወይ፣ ንፋስ ይገባዋል ወይ ብሎ ነው። ይሄ ቤት ለእኔ የተሠራ መሰለኝ። ደላላው እንኳ አልዋሸኝም፤ ይሄን ሰው አይወደውም፣ ይሞቃል አለኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ።

አሁን አንድ ፍርሃት ቀረኝ፤ ወባ። እኛ ደገኞች ቆላ ስንወርድ ከጅብ በላይ የምንፈራው እሷን ነው። ከሥር ካለው ሱቅ የትንኝ መግደያ ገዛሁ፤ ያ እየነፉ የሚረጩት ቆርቆሮ። በዕድሜዬ ነክቼው አላውቅም፤ ጎባ ትንኝ የለብንም። የላዩ ጽሑፍ ደግሞ የፈረንጅ ነው። ባለሱቁን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ንፊውና በሩንም መስኮቱንም ዝጊው አለኝ። ከነፋሽው በኋላ ውጡ፣ ቆይታችሁ ግቡ ማለት ግን ትዝ አላለውም። ለእነሱ ይህ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው፤ ማን ይነግረዋል?

ነፋሁት። አልጋው ሥር፣ መጋረጃው ላይ፣ በየጥጉ፣ እጄ እስኪዝል ድረስ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ቤቴ እንደማደርገው በሻርፔ ጠቀጠቅሁት። ፎዚያን አልጋው ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሁን ማንም አይነካሽም አልኳት።

ትንሽ ቆይታ፣ "አዮ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ" አለች። እናት ማለቷ ነው በኦሮምኛ።

"ትንኙን ነው የሚያቃጥለው፤ ታገሺ" አልኳት።

ከዚያ ሳለች። ሳሉ አላቆመም። ፓፉን ሰጠኋት፤ ምንም። ደገምኩላት፤ ምንም። አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። ከንፈሯ ቀለሙን ለወጠ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ጋቢ አወጣሁና አለበስኳት። መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን ተነሥቼ አየሁ። "ያ አላህ፣ ይቺንስ አትውሰድብኝ" እያልኩ ዙሪያዋን ስዞር ለካ ድምፄ ውጭ ይሰማ ኖሯል።

አንዲት ሴት በሩን ገፋችው። ሻርፑ ያዘባት፤ በትከሻዋ ደግማ ገፍታ ገባች። በኋላ እንዳወቅሁት ታደለች ትባላለች፤ የፎቁን አንሶላ የምታጥብ፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። ገና ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች። ይህን ቤት ምን አድርገሽው ነው ብላ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

እኔ ከፊቷ ቆምኩ። ገፈተርኳትም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን አድርጌዋለሁ። ንፋስ ይመታታል፣ ወባም ይገባል አልኳት።

አልተቆጣችም። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"እህቴ፣ ወባ ዛሬ አትገድላትም። ይሄ ግን አሁን ነው የሚገድላት" አለችኝ።

ያቺን ደቂቃ ለማንም አልመኝም። በአንድ ወገን ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት አለች። በሌላው ወገን ከተወለድኩ ጀምሮ እናቴ፣ ጎረቤቴ፣ አገሩ ሁሉ ያስተማረኝ አለ። ልጄን አየኋት። ልጄ የምታየው እኔን አልነበረም፤ ዓይኗ የተከፈተው በር ላይ ነው። ያኔ ጋቢውን ገፍፌ ጣልኩና አቅፌያት ሮጥኩ።

ታደለች ወደዚያኛው ቤት መራችን፤ ንፋስ አለው ብዬ ወደ ጣልኩት። ልታጸዳው ከፍታው ነበር። በረንዳው ላይ ወደ ፊት ደገፍ አድርጋ አስቀመጠቻት፤ ፓፉን ከእጄ ተቀብላ ደህና አድርጋ ወዘወዘችው። እኔ በድንጋጤ አልወዘወዝኩትም ነበር። የሐይቁ ንፋስ ፊቷ ላይ ይነፍሳል። እጄ ሳላዝዘው ሊሸፍናት ሄደ፤ ታደለች ያዘችኝ። "ያዣት እንጂ አትሸፍኛት" አለችኝ። እኔም ያንን ንፋስ እያየሁ አልሸፈንኳትም። ትንፋሿ ትንሽ ሲመለስ በባጃጅ ይዘናት ሄድን፤ ያውም በሩ ክፍት በሆነ ባጃጅ።

ክሊኒክ አፏና አፍንጫዋ ላይ ጭስ መሳይ መድኃኒት የሚወጣበት ነገር አደረጉላት። ሲረጋጋላት ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች። ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ፣ መስኮቱ ስንት ነው እያለች ጠየቀችኝ። እኔ በኩራት ነገርኳት። ምስማሩን፣ ጨርቁን፣ ከሰሉን፣ ምን ያህል እንደምጠነቀቅላት። ነርሷ መጻፏን አቆመች። ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ብርዱም ይጎዳታል፣ ሸፍነሽ አልብሻት፤ ግን ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳት ተዘግቶ የሚታፈነው ጭስ ነው አለችኝ።

የሞተው ልጄ ትዝ አለኝ። እሱንም እንዲሁ ዘግቼ፣ ከሰል አስገብቼ ነበር የማስታምመው። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መልሱን የምችል አልመሰለኝም። እስከ ዛሬም ማንንም አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ሰው ወደ አገሯ ትመለሳለች ብሎ ጠብቆኝ ነበር። ባለቤቴም በስልክ ነይ አለኝ። አልመለስም አልኩት። ቤቱን የመረጥኩት በፍርሃት ነው፤ አሁን በዓይኔ እመርጣለሁ አልኩ። ደላላውን ጠርቼ ሁለተኛውን ቤት ስጠኝ አልኩት።

"ማዘር፣ ትናንት ቪው አልፈልግም ብለሽ ስትቆጪኝ አልነበር?" አለ።

"ዛሬም አልፈልግም። ንፋሱን ነው የምፈልገው" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

ደግሞ ዝም ብዬ አልገባሁም። ወንበር አስመጥቼ ከጥዋት እስከ ቀትር በረንዳው ላይ ከልጄ ጋር ተቀመጥኩ። ደላላው ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው ቢል፣ ይጠብቅህ አልኩት። ግድግዳው አዲስ ቀለም ይሸት እንደሆነ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩ። ልጄ እንዴት እንደምትተነፍስ ቆጥሬ፣ ደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ የተቀበልኩት። ለወባው ታደለች አጎበር አመጣችልን፤ እንዴት እንደሚታሰርም አሳየችኝ። መንፋት ቀረ።

ሁለት ወር ተቀመጥን። ጉማሬውን ለምጄዋለሁ አልልም፤ ፎዚያ ሐይቁ ዳር ስትሮጥ እኔም ከኋላ ከኋላዋ እሮጥ ነበር። ታደለች እየሳቀች፣ "ልጅቷ ዳነች፣ አሁን እናቷ ናት የምታለከልከው" ትለኝ ነበር። ስለገፈተርኳት ይቅርታ ስጠይቃት፣ የደገኛ እጅ ይከብዳል ብላ አለፈችው።

ጎባ ስንመለስ መጀመሪያ ያስጠራሁት አናጢ ነው። ምስማሩን አስነቀልኩ፤ በሌላው ግድግዳ ደግሞ አዲስ መስኮት አስከፈትኩ። ምድጃውንም ከሰሉንም ወደ ውጭ ማድ ቤት አወጣሁ። ባለቤቴ ቆሞ ሲያይ ቆየና የቀረውን ጭቃ አብሮ መረገ። ጎረቤቴ ግን አልቻለችም፤ "ሃዳ ፎዚያ፣ የባቱን ብርድ በሙሉ ቤትሽ ልታስገቢው ነው?" አለችኝ። የፎዚያ እናት ማለቷ ነው፤ ባቱ ደግሞ በላያችን ያለው ተራራ ነው። ይግባ፣ እኛ ደርበን እንለብሳለን አልኳት። ሰፈሩ ውስጥ አብዳለች የተባልኩት ያኔ ነው። አሁን ደረታቸው የሚያፏጭ ልጆች ያሏቸው ሁለት እናቶች መጥተው መስኮቴን አይተው ሄደዋል፤ አንዷ አስከፍታለች።

ፎዚያ አልፎ አልፎ ያማታል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ። ድፍረት መጣልኝ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ንፋስ ሲነሣ ልቤ ይደነግጣል። ተነሥቼ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ፤ እጄንም መዝጊያው ላይ አደርጋለሁ። እዚያ ቆሜ የልጄን ትንፋሽ አዳምጣለሁ። ከዚያ እጄን አንሥቼ እመለሳለሁ።