የማርኮን እግር የያዝኩ ቀን

የፊት ጥርሴ አንዱ ሰው ሠራሽ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ጣልያንኛ ስማር ነው» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን እውነቴን ነው። ነገሩ የደረሰብኝ ሮም በገባሁበት ዓመት፣ በኅዳር ጽዮን ሰሞን ነበር። በመስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ቋንቋውን ቶሎ እንድለምድ ጣልያንኛ የምማርበት ትምህርት ቤት አንዲት ባልቴት ቤት አስገባኝ። ሲኞራ ፍራንካ ይባላሉ። ደግም ናቸው፣ ቁጡም ናቸው። ስሳሳት ይጮኹብኛል፤ ደግሞ ጾመኛ መሆኔን አውቀው ለብቻዬ ባቄላ ይቀቅሉልኛል። ማርኮ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ሲጠጣ ይመጣና በር ይደበድባል፣ ይሳደባል። እሳቸው «ልጄ ነው፣ ቫ ቤኔ፣ ምንም አይደል» ብለው ያልፉታል።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማርኮ ኩሽና ውስጥ የእናቱን ጉሮሮ አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣብቋቸዋል። በሌላው እጁ ፊታቸውን ይመታል። ደማቸው በሽርጣቸው ላይ ይወርዳል፣ ዓይናቸው ፈጧል።

ኡኡ አልኩ። ከጎረቤት የሰማሁት መስኮት ሲዘጋ ብቻ ነው።

አገሬ ቢሆን ይሄኔ ገላጋይ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ብቻዬን ምን ላድርግ? ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንድ እግሩን በሁለት ክንዴ አቅፌ «በእናትህ! በእናትህ!» አልኩት። የሚገድለው እናቱን መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም። በእኛ ወግ እግሩ የተያዘ ሰው ይራራል፣ ባይራራም ያፍራል፤ የወደቀውም «ተነሺ» ሳይባል አይነሳም። ማርኮ ይህን ከየት ይወቀው? በሌላኛው እግሩ አፌን ረገጠኝ። ጥርሴ ሲሰበር ሰማሁት። ደግሞ ጎኔን ረገጠኝ።

አልለቀቅኩም። «ተነሺ» አላለኝማ!

ሊያራግፈኝ ሲታገል እጁ ላላ። ሲኞራ በእንብርክካቸው ሾልከው ወደ ደረጃው ወጡ። ሊከተላቸው ሲል እኔ እግሩ ላይ ተጣብቄ ስለነበር በግንባሩ ተደፋ።

ማን እንደደወለላቸው እንጃ፣ ፖሊሶች ሲደርሱ ሲኞራ አንገታቸውን በሻርፕ ሸፍነው «ወድቄ ነው» አሉ። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። እሳቸው እንዳልናገር በዓይናቸው ይለማመጡኛል። አፌ ደም ሞልቶት ነበር።

«እሱ ነው» አልኩ። «ሊገድላቸው ነበር።»

ማርኮን በካቴና ይዘውት ሄዱ። ወዲያው ሲኞራ ሻንጣዬን ጎትተው ደረጃው ላይ ወረወሩት።

«አሎራ፣ እንግዲህ ልጄን አሳሰርሽው! ውጪ ከቤቴ!» ብለው እየጮኹ በሩን ደረገሙብኝ።

ያን ቀን ከጥርሴ ይልቅ ያመመኝ ይህ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ውለታ ቢስ እያልኩ አለቀስኩ። ዛሬ ግን አልቀየማቸውም። የወላድ አንጀት ነው፣ ምን ይደረግ! ደግሞም እንዲያ የጮኹብኝ እኮ በሕይወት ስላሉ ነው። ይጩኹብኝ።