የመጽሐፉ ልጅ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሶስና ቴሌቪዥን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። የድሮ የፈረንጅ የልጆች ልብ ወለድ ነው፣ አሁን እንደ አዲስ በፊልም ሠሩት አለችኝ። እኔ ለፊልም ትዕግሥቱም የለኝም፣ ደግ የመሰለኝ ሰው መጨረሻ ላይ ክፉ ሆኖ ያርፈዋል። ነገር ግን አንድ ልጅ ጓዙን በትከሻው አንግቶ ሲወጣ፣ እናቱ በራፍ ላይ ቆማ ስትሸኘው፣ ከወዲያ መርከብ ሲጠብቀው ሳይ፣ ሥዕሉን የት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ። የማውቀው ደብረ ማርቆስ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ አባቴ ቤት ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ደብረ ኤልያስም ይሁን ይጁቤ፣ ከጠሩት ሄዶ ግድግዳ ሲስል ይከርማል፤ ቤታችን የቀለምና የሙጫ ሽታ ተለይቶት አያውቅም፣ እናቴም ወጡ ሳይቀር ቀለም ቀለም ይለኛል እያለች ታማርር ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንተነህ ለጣሊያኖቹ ሰፈር ውኃ ይቀዳ ነበርና፣ አንድ ቀን እነሱ የጣሉትን፣ መጨረሻው የተገነጠለ ባለሥዕል መጽሐፍ በጋቢው ደብቆ አመጣልኝ። ክረምቱ እንደ ወጣ እሱ ራሱ ዱር ቤቴ ብሎ ከአርበኞቹ ጋር ገባ።

ጣሊያንኛ የሚያነብ ቤታችን አልነበረም፤ ሥዕል ማንበብ ግን አባቴ ያውቃል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣንና የሰማዕታት ገዳዮች ግን በጎን ስለሚሳሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ሕፃን እንኳ አይስተውም። መጽሐፉን የሳለው ፈረንጅ ታዲያ ያን ጓዙን ያነገተ ልጅ በየገጹ በጎን ስሎታል፤ መርከቡ ላይ ያለውን ጢማም ሽማግሌ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ከነሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ። አባቴ ገጾቹን እያገላበጠ ሳያመነታ ፈረደ፤ ሽማግሌው ጻድቅ፣ ልጁ ከሀዲ። እኔም ሽማግሌውን ጠዋት ጠዋት እሳለመው ጀመርኩ።

እናቴ ባትኖር ነገሩ በጨዋታ ይቀር ነበር። የአንተነህ ወሬ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ከገበያ የተመለሰ ሁሉ የየራሱን ያወራል፣ አንዱ ቆስሏል ይላል፣ ሌላው አላየሁትም ይላል። እሷም የመጽሐፉን ልጅ ከእናቱ በራፍ ሲወጣ ካየችው ወዲህ የእሱን ዕጣ የልጇ ዕጣ አድርጋ ያዘችው። አንድ ቀን አባቴ ቀለም ሲያሽ መጥታ ፊቱ ቁጭ አለች።

«እንዲያው ይኸ ልጅ ይመለስ ይሆን?»

«ምን አውቄ! መጨረሻው ተገንጥሏል። አንድ ዓይና ደግሞ የት ይደርሳል ብለሽ ነው?»

«እንግዲያ ሁለተኛውን ይሳሉለት።»

«ኧረ አንቺ ሴት! ሌላው ከሀዲ ብሎ የሳለውን እኔ ጻድቅ ላደርገው?»

«የሰውን ሁሉ ዓይን ሲስሉ ይኖራሉ። ለዚህ አንዷን ነፈጉት?» አለችና እንባዋ መጣ።

አባቴ ጥላሸት በጠበጠ፣ ቀጭኗን ብሩሽ አነሳና በየገጹ ለልጁ ሁለተኛ ዓይን ሳለለት። በጎን በተሳለ ፊት ላይ ቦታ ከየት ይምጣ? ዓይኑ ጆሮው ሥር ገብቶ ልጁ የደነገጠ ፍየል መሰለ። እናቴ አይታ ሳቀች፤ አንተነህ ከሄደ ስትስቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ታሪኩን ከሥዕሎቹ እያነበበ ባወራልን ቁጥር ልጁ ይመለሳል፣ በግ ይታረድለታል፣ እናቴ ደስ ሲላት ባየ ጊዜም በጉ ሰንጋ ይሆናል።

ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ከተማ ሲገቡ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። አንተነህ የለም። የት እንደ ወደቀ የነገረን ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ አባቴም ያን ታሪክ ዳግም አላወራም።

ፊልሙ ላይ ጢማሙ ሽማግሌ የባሕር ሽፍቶች አለቃ ሆኖ አረፈው፤ ስንት ጠዋት እንደ ተሳለምኩት ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ። በመጨረሻ ልጁ ተመልሶ እናቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ። መጽሐፉን ያነበበችው ሶስና ግን ተናደደች።

«እማማ፣ ለውጠውታል እኮ! መጽሐፉ ላይ አይመለስም።»

«ተያቸው ልጄ፣» አልኳት፣ «እነሱንም አንዲት እናት ለምናቸው ይሆናል።»

አልገባትም፤ እኔም አላብራራሁላትም። አባቴ በየግድግዳው ያን ሁሉ ፊት ሲስል የገዛ ልጁን አንድ ቀን ስሎት አያውቅም፤ በየቀኑ የሚያየውን ሰው መሳል ለምን ትዝ ይበለው። እኔ የአንተነህን መልክ በልቤ ይዤው ኖሬ ነበር። ከእሑድ ወዲህ ግን እሱን ላስታውስ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ያ የፊልሙ ልጅ ነው።