ወቅፍ የሆነው ኮድ

ሉብና መርሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ትሠራለች። ካርቶኑ ላይ ያለው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ ነው፤ ሰዉ የሚቆጥረው በሐበሻ። ሁለቱን የሚያስታርቅ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ከወንድሟ ከኢዘዲን ጋር ጻፈች። ኢዘዲን በጦርነቱ ሞተ። ፕሮግራሙ ፍላሽ ላይ ቀረ። ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን፣ የፈለገ ይውሰደው ብላ ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ጫነችው። «ፈቃድ» የሚለውን ቦታ ባዶ ተወችው።

ወር ሳይሞላ ዮሴፍ የሚባል የወልድያ ፕሮግራመር ደወለላት። ለገጠር ጤና ኬላዎች ሊያዳርሰው አስቦ፣ አለቆቹ ፈቃድ የሌለው ነገር አንነካም ብለውታል።

«ዝም አልኩ እኮ» አለችው። «ኒካሕ ላይ የልጅቱ ዝምታ እንደ እሺታ ይቆጠር የለ?»

«እዚህ ኒካሕ የለም፣ እህቴ። እዚህ ዝም ካልሽ እንቢ ብለሻል።»

ከዚያ ሁለት ዓይነት ፈቃድ አስረዳት። በአንደኛው የወሰደው ሰው እንዳሻው ያደርገዋል፤ አሻሽሎ ኮዱን ቢቆልፍበትም መብቱ ነው። በሌላኛው ግን አሻሽሎ ለሌላ የሚያድል ሁሉ ኮዱን ከነማሻሻያው ክፍት አድርጎ መስጠት አለበት፤ ይኼኛውን የሚሸሹ ድርጅቶች አሉ። እሷ እስክትመርጥ ጤና ኬላዎቹ ይጠብቃሉ።

ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ ለአባቷ ነገረቻቸው። ሙሐመድዘይን የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ስለ ኮድ የሚያውቁት ልጆቻቸውን ምሳ የሚያስረሳ ነገር መሆኑን ብቻ ነው። ሰምተው ሲያበቁ፣ የመጀመሪያው ስጦታ ነው አሉ፤ የተቀበለው ቢያጥረው ማን ይናገረዋል? ሁለተኛው ወቅፍ ነው፤ እንደ መስጊዱ ጉድጓድ ሁሉም ይቀዳል፣ ማንም አያጥረውም።

«የኢዘዲን እጅ ያለበት ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ወቅፍ አድርጊው።»

«የሚቀርብን ድርጅት ይኖራል፣ አባ። አይቆጭዎትም?»

«የሚያጥር ቢቀር ምን ጎደለብን?»

በማግስቱ ባዶውን ቦታ ሞላች። የዮሴፍ አለቆች ተስማሙ፤ ፕሮግራሙ ሐራና ግራና ያሉት ጤና ኬላዎች ድረስ ዘለቀ።

ከግራና ጥሩወርቅ የምትባል፣ ኮድ መነካካት የምትወድ ነርስ ማስተካከያ ላከችላት። «እህት ሉብና፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ጳጉሜ ስድስትን የት አደረሳችኋት?» ይላል መልእክቱ።

ሉብና ስህተቱ ያለበትን የኮድ መስመር ፈልጋ አገኘችው። የኢዘዲን ነበር። ቢኖር ኖሮ ጳጉሜ ናት የተሳሳተችው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራት ነበር። ብቻዋን ሳቀች፤ ማስተካከያውን አስገብታ፣ በኮዱ ጸሐፊዎች ዝርዝር ከእሱና ከራሷ ስም ሥር «ጥሩወርቅ» ብላ ጻፈች።