ሙቀጫውና ማይክራፎኑ

ሙዚቃ ሰውን ያድናል የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ ዝም እላለሁ። እኔ በቅርብ የማውቀው አንድ ጊታር ነው፤ እሱም ማንንም አላዳነም። የወንድሜ ጊታር ነበር። በትክክል ልናገር ካልኩ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ንብረት ነበር፤ ወንድሜ ያዋጣው ጣቶቹን ብቻ ነው።

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚችል ወጣት ምርጫው ጠባብ ነበር፤ ወይ ስለ አብዮቱ ይጫወታል፣ ወይ አይጫወትም። ወንድሜ አደባባይ ላይ የታዘዘውን ይጫወትና ቤት ሲገባ በባቲ ቅኝት የራሱን አንድ ዜማ ይዞ ይቀመጣል። ግጥም የለው፣ ርዕስ የለው። ቤት ውስጥ አምፕሊፋየር ስለሌለን ጊታሩ ከትንኝ የበለጠ ድምፅ አልነበረውም። እኔ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ ነበር የማዳምጠው።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። የኪነት ቡድን አባል አይነካም ብለን ተማምነን ነበር፤ ተነካ። ሰኞ ጧት እንደሚሄድ ሲነገረው ከእኔ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ያችን ዜማ ቅዳልኝ። ምናልባት…» አለና ተወው።

የቡድኑ ኃላፊ ለስንብት ልምምድ ተብሎ አምፕሊፋየሩን ለቅዳሜና እሑድ ፈቀደልን። በጋሪ አመጣነው።

«ፍሪጅ ነው?» አለ ባለጋሪው፣ ክብደቱ ገርሞት።

«የለም፣ ጩኸት ነው» አለው ወንድሜ።

መቅጃው አባታችን ትቶልን የሞተው ትልቅ ካሴት ማጫወቻ ነበር፤ አንድ ማይክራፎን በገመድ ይሰካበታል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያም አለው። በዚያ ዕድሜዬ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ስለነበር ደጋግሜ አነበብኩት። ጸጥ ያለና ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ምረጡ ይላል። የእኛ ክፍል ወለሉ አፈር፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ወፍራሙን ክር ሲመታ ቆርቆሮው አብሮ ያዜማል።

ቅዳሜን በስህተት ፈጀነው። ማይኩን በሩ ጋ ሳስቀምጠው የቀዳሁት የሰፈሩን ጋሪና ዶሮ ነው። አምፕሊፋየሩ መሐል ላይ ስደቅነው ደግሞ የጋለ ዘይት ውስጥ ሽንኩርት የተጣለ ይመስላል። ድምፁን ብንጨምር የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጓዶች፣ ይኼ የምን መዝሙር ነው?»

«ግጥሙ ገና አልጸደቀም ጓድ» አለው ወንድሜ።

ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርገን በጋቢ ሸፍነን ሞከርን፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያለቅስ ሰው መሰለ። ጋቢውን አነሣነው፣ ድምፁን ግን ዝቅ እንዳለ ተውነው። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። ማይኩ ከአምፕሊፋየሩ መሐል ወደ ጠርዙ ዞር ብሎ አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ ከተወጠረው ጨርቅ ትንሽ ሲርቅ የጊታሩ ድምፅ ክብ ይሆናል። ሌላ ቃል የለኝም። ግን በእጅ ተይዞ አይሆንም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። የእናቴን ሙቀጫ አስገባሁና ዘነዘናውን ውስጡ አቁሜ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ወትፌ፣ ማይኩን ጫፉ ላይ አሰርኩት።

የቀዳነውን ስንሰማ ወንድሜ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ጥሩ እጫወታለሁ እንዴ!»

ሙከራ ነው አልን። ያለን አንድ ካሴት ስለነበር ነገ ዋናውን በላዩ ላይ እንድንቀዳ ወደ መጀመሪያው አጠነጠንነው።

እሑድ ጧት መብራት የለም። የቆቃ ግድብ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ምናልባት ከቅርበቱ የተነሣ ንቆን ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ተሯሩጠን ገባን። ማይኩ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሙቀጫው የለም።

እናቴ ግቢ ውስጥ ለስንቁ ቆሎ የሚሆነውን ገብስ ትሸከሽካለች። ሰላምታ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱት ትልቋ ጎረቤታችን የራሳቸውን ዘነዘና ይዘው መጥተው አንዷ ስታነሣ አንዷ ታወርዳለች።

«እማዬ፣ ሙቀጫውን ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«ለምን?»

«ማይክራፎን ላቆምበት።»

«ይሰማሉ እትዬ? የልጄን ስንቅ ትቼ ሽቦ ላቁምበት ነው የሚለኝ!»

«ዘፈን ይበላል እንዴ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?» አሉኝ ጎረቤታችን፣ ዘነዘናቸውን ሳያቆሙ።

ትንሽ ዝም እንዲሉ ልለምናቸው ስል ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «ተዋት። ዛሬ ከእሷ ጋር ልጣላ?»

ማይኩን ከቀበሌ በታደሉን ወፋፍራም የአብዮት መጻሕፍት ቁልል ላይ አቆምኩት። ከእነዚያ መጻሕፍት በሕይወቴ ያገኘሁት ጥቅም ይኼው ነው፤ እሱም አልሠራም።

ወንድሜ ተጫወተ፤ ቴፑም የቅዳሜውን እያጠፋ ቀዳው። እንደዚያ ቀን አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም። ወይም እንደዚያ ይመስለኛል፤ ማስረጃ የለኝም።

ቴፑ ኃይለኛ ድምፅ ሲደርስበት የሚቀዳውን ሁሉ በራሱ ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ነበር። የግቢውም የክፍሉም መሬት አንድ ነውና ማይኩ በመጻሕፍቱ በኩል መሬቱን ያዳምጣል። መልሰን ስንሰማው አንዱ ዘነዘና ዱብ ባለ ቁጥር ጊታሩ ይሰምጣል፤ ቀና ሊል ሲል ሌላኛው ዘነዘና ይወርድበታል። ወንድሜ ሳቀ።

«እማዬን ኪነት ቡድኑ ይቅጠራት!»

እንድገመው ስንል መብራቱ ጠፋ። ሳይመሽ የቡድኑ ልጆች ጋሪ ይዘው መጥተው አምፕሊፋየሩንም ጊታሩንም ጫኑ።

«ስመለስ እንደግመዋለን» አለኝ ወንድሜ።

አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በከተማችን በእግሩ ሲያልፍ እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ቀኑን ሙሉ ፊት ስታይ ትውል ነበር። ጫማ የሌላቸው ውኃ ይለምኗታል፤ ትሰጣለች፣ የወንድሜን ስም እየጠራች ትጠይቃለች። ማንም አያውቀውም። ጎረቤታችንም ወደ ወለንጪቲ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነበር።

የወታደሩ ሰልፍ ሲያልቅ እናቴ አንድ ቀን «ያንን ካሴት ክፈትልኝ» አለችኝ።

ይህን ሳወራ የሚያጽናኑኝ ሰዎች አይጠፉም። የእናት ጉልበትና የልጅ ጊታር አብረው መቅረታቸው ራሱ ያምራል ይሉኛል። እነሱ ካሴቱን አልሰሙትም።

እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ማናት እሷ የምትወቅጠው? እጇን ይቁረጠው! ልጄን አላሰማ አለችኝ እኮ!»

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነው።

ዘነዘናው ይወርዳል፣ ይወርዳል።

«እኔስ ያኔ የት ነበርኩ?»

«ገበያ ሄደሽ ነበር።»

«ብኖር ዝም አሰኛቸው ነበር» አለች። «እስቲ መልሰው።»

አጠነጠንኩና መልሼ ከፈትኩት።